ዳቪዶፍ ሽቶ ብቻ አይደለም

ዳቪዶፍ ስላችሁ ቶሎ የሚመጣባችሁ ምንድን ነው? እኔን ከጠየቃችሁኝ ሰማያዊው ጠርሙስ ነው፤ ኩል ዋተር። ዩኒቨርሲቲ እያለን የዶርማችን ልጅ አንድ ጠርሙስ ነበረው። ቅዳሜ ቅዳሜ ስድስታችንም ከእሱ እየተረጨን ነበር የምንወጣው። ኦሪጅናል ይሁን አይሁን የጠየቀ የለም። ዳቪዶፍ የሚባል፣ ስሙ በመታወቂያ ላይ የተጻፈ፣ ልጅ ሆኖ ያደገና አርጅቶ የሞተ ሰው መኖሩን ደግሞ ጭራሽ አስቤው አላውቅም።

ሰውየው ግን ነበረ። ሽቶ ቀማሚም አልነበረም። ዕድሜውን የፈጀው የትምባሆ ቅጠል እንዳይደርቅ ሲጠብቅ ነው። ነገሩ ግራ ቢያጋባችሁ አልፈርድባችሁም፤ እኔም የገባኝ የአጎቴን ሲጋሮች ካበላሸሁ በኋላ ነው።

እንዲህ ሆነላችሁ። አጎቴ ኩባ የተማሩ ናቸው። ከሶማሊያው ጦርነት በኋላ ወደ ኩባ ከተላኩት በሺዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ልጆች አንዱ ነበሩ። ቤተሰባችን ውስጥ ሲናደዱ በስፓኒሽ የሚናደዱ ብቸኛው ሰው እሳቸው ናቸው። ከዓመታት በፊት አብሮ አደጋቸው ሃቫና ደርሶ ሲመለስ አንድ የእንጨት ሳጥን ሙሉ ሲጋር ይዞላቸው መጣ። ሲጋር ነው ያልኩት፤ ሲጋራ አላልኩም። ያ ወፍራሙን፣ በእጅ የሚጠቀለለውን፣ በወረቀት ፋንታ በራሱ በትምባሆ ቅጠል የሚሸፈነውን ማለቴ ነው።

አጎቴ ማጨስ ካቆሙ ቆይተዋል፤ የሐኪም ትእዛዝ ነው። ሳጥኑን የሚፈልጉት ለሽታው ነበር። አልፎ አልፎ ይከፍቱታል፣ ያሸታሉ፣ ዓይናቸውን ጨፈን ያደርጋሉ፣ ይዘጉታል። የልጅነት ዕድሜያቸው፣ የትምህርት ቤቱ የብርቱካን እርሻ፣ ደጃፍ ላይ ተቀምጠው የሚያጨሱት ሽማግሌዎች፣ ሁሉም እዚያ ሳጥን ውስጥ ናቸው።

ልጃቸው ዘንድ አሜሪካ ሲሄዱ ሳጥኑን ለእኔ ሰጡኝ። አንድ ነገር ብቻ አደራ አሉኝ፦ ክዳኑ ላይ የተለጠፈችው ስፖንጅ ስትደርቅ ትንሽ ውሃ እንዳጠጣት። እሺ ጋሼ አልኩ። ሳጥኑን ቁም ሳጥን ላይ ሰቀልኩት። ከዚያ ሥራ ፍለጋ፣ ኢንተርቪው፣ ቤት መቀየር ምናምን እያለ ዓመት ከምናምን አለፈ። ባለፈው ኅዳር ስልክ ደወሉና ለጥምቀት እንደሚመጡ ነገሩኝ። ስልኩን ዘግቼ ወንበር ላይ ወጣሁ።

ሳጥኑን ስከፍተው ምንም አልሸተተኝም። ከሃያ ሁለቱ አንዱን አንስቼ በጣቶቼ ጫን ሳደርገው እንደ ደረቅ ጭራሮ ኮሽ አለ። በቋንቋችን አደራ በላ ከመባል የከፋ ስድብ ብዙ የለም። እኔ ደግሞ አደራውን አልበላሁም፤ አደረቅሁት።

መጀመሪያ ያደረግኩት ማንም የደነገጠ ሰው የሚያደርገውን ነው፤ ቸኮልኩ። ሦስቱን ለሙከራ ለየኋቸውና ሻወር ቤት ሙቅ ውሃ ከፍቼ እንፋሎት ውስጥ አስቀመጥኳቸው። ለስላሳ ሆነው ሲመጡ ደስ አለኝ። ጠዋት ላይ ግን ሦስቱም ከላይ እስከ ታች ተተርትረው አገኘኋቸው። ያን ቀን ማታ ነው ስለ ሲጋር ማንበብ የጀመርኩት። ባነበብኩ ቁጥር ደግሞ አንድ ስም እየተመላለሰ መጣብኝ። የሰማያዊው ጠርሙስ ስም።

ዚኖ ዳቪዶፍ የተወለደው እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1906 ነው። ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በኤውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። የትውልድ ቦታው ዛሬ ዩክሬን በምትባለው፣ ያኔ ግን በሩሲያ ዛር ሥር በነበረችው ምድር ነው። ቤተሰቡ አይሁድ ናቸው፤ አባቱ ትምባሆ ነጋዴ። በዚያ ዘመንና በዚያ ግዛት አይሁድ ሆኖ መኖር ማለት ሌሊት ምን እንደሚመጣ ሳያውቁ መተኛት ነበር። ፖግሮም የሚባል፣ መንደር ላይ እየወረደ የሚገድል፣ የሚያቃጥልና የሚዘርፍ የጅምላ ጥቃት ነበረ። በ1911 ቤተሰቡ ጓዙን ሸክፎ ወደ ስዊዘርላንድ ተሰደደ፤ ጄኔቫ ገባ። ዚኖ የአምስት ዓመት ልጅ ነበር።

አባቱ ጄኔቫ ላይ የሚያውቃትን አንዲት ሙያ ይዞ ጀመረ። ትንሽ የትምባሆ ሱቅ ከፈተ። ስደተኛ ነጋዴ የትም አገር አንድ ነው፤ ቤተሰቡ በሙሉ ሠራተኛ ነው፣ ሱቁም ቤትም ነው። ከተማዋ ያኔ ከዛር መንግሥት የሸሹ ሰዎች መጠለያ ነበረች። ዚኖ በኋላ ላይ ደጋግሞ የሚያወራት አንዲት ጨዋታ አለችው፤ ሌኒን የአባቱ ሱቅ ደንበኛ እንደነበረና የወሰደበትን ሳይከፍል እንደሄደ። እንደ ባለሱቅ ጨዋታ ያዙልኝ። ጥሩ ባለሱቅ ደግሞ ጨዋታ አያጣም።

በ1924 ዚኖ ትምህርቱን ጨረሰ። አባቱ ሱቅ ውስጥ ገብቶ መቆም ይችል ነበር። እሱ ግን ቅጠሉ ከየት እንደሚመጣ ማየት አማረው። መርከብ ተሳፍሮ ወደ ላቲን አሜሪካ ሄደ። አርጀንቲና፣ ቀጥሎ ብራዚል፣ በመጨረሻ ኩባ። ኩባ ላይ ሁለት ዓመት ያህል እርሻ ውስጥ ሠራ። ገና ሃያ አካባቢ ያለ ልጅ፣ ቋንቋው የማይገባው፣ ፀሐይ ላይ የቆመ። የእኛን ልጆች አሰብኳቸው፤ አጎቴን።

እዚያ ምን አየ? ይቺን ካልገባችሁ የሰውየው ሕይወት አይገባችሁም። የትምባሆ ቅጠል ሕይወቱ በሙሉ መድረቅና መርጠብ ነው። ከተቆረጠ በኋላ ጎጆ ውስጥ ተሰቅሎ ቀስ እያለ ይደርቃል። ቀጥሎ ረጠብ ተደርጎ ይከመራል፤ ክምሩ ውስጥ ሙቀት ይፈጠርና ልክ እንደ ጠላ ጥንስስ ይብላላል። ከዚያ ለወራት፣ አንዳንዱም ለዓመታት ይቀመጣል። ሊጠቀለል ሲል እንደገና ይረጥባል፤ ካልሆነ እጅ ላይ ይፈረካከሳል። ጠቅላዩ ሦስት ዓይነት ቅጠል ይይዛል፦ ሆዱን የሚሞላው፣ ሆዱን አስሮ የሚይዘው፣ ከላይ እንደ ልብስ የሚለብሰው። ሦስቱ እኩል ረጥበው እኩል ካልደረቁ ሲጋሩ አይስማማም።

ኩባ ላይ ይሄን ሁሉ የሚያግዝ አንድ ነገር አለ፤ አየሩ። ደሴት ነው፣ ሞቃት ነው፣ እርጥብ ነው። ሲጋሩ ጠረጴዛ ላይ ቢቀመጥ እንኳን ቶሎ አይደርቅም። ችግሩ የሚጀምረው መርከብ ላይ ሲወጣ ነው። ውቅያኖስ ይሻገራል፣ ክረምት ውስጥ ይገባል፣ ምድጃ በሚነድበት ደረቅ ክፍል ውስጥ ይቀመጣል። የአውሮፓ ሀብታም በውድ የገዛው ሲጋር ጭራሮ ነበር የሚሆንበት። ብዙ ነጋዴ ያን ያህል አልተጨነቀበትም። ሲጋሩ ከተሸጠ ወዲያ የገዢው ጉዳይ ነዋ!

ዚኖ ጄኔቫ ተመልሶ የቤተሰቡን ሱቅ ሲረከብ ሥራ አድርጎ የያዘው ይሄንን ነው። ምድር ቤቱን አዘጋጀና የሃቫናን አየር እዚያ ውስጥ ለማኖር ሞከረ። ሙቀቱ እንዳይዋዥቅ፣ እርጥበቱ እንዳይጎድል። ዛሬ ሲጋር የሚጠብቁ ሰዎች የሚናገሩት ልክ አየሩ በዚያ ሙቀት ሊይዘው ከሚችለው ውሃ 70 በመቶ ገደማ፣ ሙቀቱም ከ18 እስከ 21 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። ዚኖ ከዚያም አንድ እርምጃ ሄደ። ገዢው ቤት ውስጥም ያው አየር እንዲኖር ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ ሳጥን ሠራ። ሂውሚዶር ይባላል። የጠረጴዛ ሂውሚዶር ሲነሳ የመጀመሪያውን ሠራ ተብሎ የሚጠራው ስም የእሱ ነው። የአጎቴ ሳጥን እንግዲህ የዚያ ሳጥን የልጅ ልጅ ነው ማለት ነው።

ኢኮኖሚክስ የተማርኩ ሰው ነኝና ይቺን ሳልላት አላልፍም። ዋጋ ያለው ነገር ሁሉ በዝምታ ይረክሳል። ሕንፃም፣ መኪናም፣ ማሽንም። ሒሳብ ሠራተኞች የእርጅና ተቀናሽ ብለው በየዓመቱ ይመዘግቡታል። ሲጋር ላይ ግን ይሄ በዓመት አይደለም፤ በሳምንታት ነው። ዚኖ የሸጠው ሲጋር ብቻ አልነበረም፤ ጥበቃውንም ነው። ሌሎች ነጋዴዎችም ያንኑ የኩባ ሲጋር ይሸጡ ነበር። ከዳቪዶፍ ሱቅ የወጣው ግን አልደረቀም።

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት አውሮፓን ሲያነድ ስዊዘርላንድ ገለልተኛ ሆና ተረፈች። ሱቁም ተረፈ፤ በጦርነቱ ማብቂያና ከዚያ በኋላ ደግሞ አደገ። ስደተኛ ሆኖ የገባው ልጅ፣ ጥፋት ባልደረሰባት ከተማ ውስጥ ዕቃው ሳይበላሽ የቆየለት ነጋዴ ሆነ። ይሄ ችሎታ ብቻ አይደለም፤ ዕድልም ነው። አባቱ በ1911 ባይነቅሉት ኖሮ የት ይሆን ነበር ብላችሁ አስቡ። በትውልድ አገሩ የቀሩት አይሁድ ላይ የደረሰውን ታሪክ ያውቀዋል።

በ1940ዎቹ ዚኖ ሌላ ብልኃት አመጣ። ሆዮ ደ ሞንቴሬይ ከሚባለው የኩባ ሲጋር አንድ ተከታታይ ዓይነት አስወጣና በታወቁ የፈረንሳይ የወይን ጠጅ ርስቶች ስም ሰየማቸው፤ ሻቶ ማርጎ፣ ሻቶ ላቱር እያለ። ለምን ወይን? የወይን ጠጅ የሚወድ ሰው ጠርሙስ ምድር ቤት መተኛት እንዳለበት ያውቃላ። መጠበቅ ያውቃል። ማቆየት ያውቃል። ሲጋርም እንደዚያ እንደሆነ በአንድ ስም ብቻ ነገራቸው። የማርኬቲንግ ኮርስ ሲሰጠን ይሄን ምሳሌ ቢነግሩን ኖሮ ክላስ አልቀጣም ነበር።

ከዚያ ኩባ ተለወጠች። በ1959 የፊደል ካስትሮ አብዮት አሸነፈ፤ በዓመቱ የሲጋር ፋብሪካዎቹን መንግሥት ወረሳቸው። በ1962 አሜሪካ ሙሉ የንግድ ማዕቀብ ጣለች። የኩባ ሲጋር ቅርቡንና ትልቁን ገበያውን በአንድ ፊርማ አጣ። አብዮተኞቹ አሁን ቀሪው ዓለም የሚያምነው ስም አስፈለጋቸው። ማንን ፈለጉ መሰላችሁ? በ1967 የኩባ መንግሥት የትምባሆ ድርጅት ኩባታባኮ፣ ጄኔቫ ያለውን ባለሱቅ አነጋገረ። በስምህ ሲጋር እንሥራልህ ዓይነት ነገር ነው። በ1968 የመጀመሪያዎቹ ዳቪዶፍ ሲጋሮች ወጡ። የተጠቀለሉትም ሃቫና ውስጥ ኤል ላጊቶ በሚባለው፣ ለካስትሮ ለራሱ ሲጋር በሚጠቀለልበት ፋብሪካ ነው።

እስቲ አስቡት። የኮሚኒስት መንግሥት፣ ከሩሲያ ግዛት በተሰደደ ቤተሰብ ስም፣ ለካፒታሊስቶች የቅንጦት ዕቃ ያመርታል። ሁለቱም ወገን ተጠቀመ። ኩባ ቅጠሉና እጁ ነበራት፤ ዚኖ መታመኑ ነበረው።

በ1970 ዚኖ ሱቁን ለአንድ የባዝል ከተማ የትምባሆ ኩባንያ ሸጠ፤ ማክስ ኦቲንገር ይባላል። ዕድሜው 64 ነበር። ቤቱ ግን አልተቀመጠም። የስሙ አምባሳደር ሆኖ ዓለምን ዞረ። ሱቁ አነስተኛ ነበረ፤ የተገዛው በዋናነት ስሙ ነው ብል አላጋነንኩም። ዛሬ የምናውቃቸው የዳቪዶፍ ሽቶ፣ የዳቪዶፍ ሲጋራ፣ ቡናው ሳይቀር የመጡት ከዚያ በኋላ ነው። ኩል ዋተር በ1988 ገበያ ላይ ሲውል ዚኖ የ82 ዓመት ሽማግሌ ነበር።

በአጋጣሚ በዚያው በ1970 ጆርጅ አከርሎፍ የሚባል ኢኮኖሚስት ስለ ያገለገሉ መኪናዎች አንድ ጽሑፍ አወጣ፤ በኋላ ኖቤል አስገኝቶለታል። ቁም ነገሩ ቀላል ነው። ሻጭ የሚያውቀውን ገዢ ካላወቀ ገዢው ሁሉንም ዕቃ ይጠረጥራል፤ ጥሩ ዕቃ የያዘውም ሰው ዋጋ ያጣና ገበያውን ጥሎ ይወጣል። መርካቶ ስልክ የገዛ ሰው ይሄን ያለ ኖቤል ያውቀዋል። ሲጋር ደግሞ ከመኪና ይብሳል። ልብሱን ታያለህ፤ ሆዱን አታይም። ካልለኮስከው አታውቀውም፣ ከለኮስከው ደግሞ አትመልሰውም። እንደዚህ ያለ ገበያ ላይ ገዢው የሚይዘው ስሙን ብቻ ነው።

በ1980ዎቹ ያ ስም ተፈተነ። ዚኖና ኩባታባኮ ተጣሉ። ከኩባ የሚመጡት ሲጋሮች ጥራታቸው ወርዷል የሚል ክስ ነበረ። ጠቡ ግን የጥራት ብቻ አልነበረም፤ የስሙ መብት የማን ነው የሚለውም ነበረበት። ሁለቱን እያነሳሁ የምነግራችሁ አንዱን ብቻ ብነግራችሁ ተረት ስለሚሆን ነው።

ነሐሴ 1989። ዚኖ 83 ዓመቱ ነው። ከ100 ሺህ በላይ ሲጋሮች፣ የራሱ ስም ቀለበታቸው ላይ የታተመባቸው፣ በአደባባይ ተቃጠሉ። ለሽያጭ አይበቁም ተባለ።

እኔ እዚች ላይ ስደርስ ንባቤን አቆምኩ። ልክ ያን ጊዜ ጠረጴዛዬ ላይ ሦስት የተተረተሩ ሲጋሮች ነበሩ። ሌሎች አሥራ ዘጠኝ ደግሞ እንዴት አድርጌ ደህና አስመስዬ ላስረክብ እያልኩ ሌት ተቀን የማስብባቸው። እውነቱን ልንገራችሁ፤ ሐሳቤ ማዳን ብቻ አልነበረም፤ መደበቅም ነበረበት። ሦስቱን ጥዬ መጀመሪያም አሥራ ዘጠኝ ነበሩ ልል ሁሉ አስቤ ነበር። ማን ይቆጥራል? ሰውየው ግን ለመቶ ሺህ ሲጋር፣ አብዛኛው ገዢ ልዩነቱን ሳያውቅ ሊገዛው ለሚችለው ዕቃ፣ እሳት ለኮሰ። በእርግጥ የኩባንያው ጥቅምም አለበት፤ ስም ያለው ሰው ስሙን ሲጠብቅ ገንዘቡን እየጠበቀ ነው። ቢሆንም ከእኔ ሐሳብ ይሻላል።

ከሁለት ዓመት ድርድር በኋላ በ1991 የኩባው ዳቪዶፍ አበቃ። ምርቱ ወደ ዶሚኒካን ሪፐብሊክ ተዛወረ። ሌላ አፈር፣ ሌላ እጅ፣ ያው ስም። ዚኖ በጥር 1994 ጄኔቫ ውስጥ አረፈ፤ 87 ዓመት ኖረ።

አደራ፣ 87 ዓመት ኖረ ስላልኩ ሲጋር አይጎዳም ብላችሁ እንዳትነሱ። የተረፈውን ብቻ ቆጥሮ ያልተረፈውን መርሳት እኛ ክላስ ውስጥ የመጀመሪያው ስህተት ነው። ሲጋር የአፍና የጉሮሮ ካንሰር ያመጣል፤ ጭሱ ወደ ሳንባ ባይሳብም ያመጣል። አጎቴን ያስቆማቸው ሐኪም ትክክል ነው። እኔም አላጨስም። የምነግራችሁ ስለ መጠበቅ ነው።

አሁን ወደ ሳጥኑ። አሥራ ዘጠኙን ያዳንኩት ጄኔቫ ምድር ቤት ውስጥ በነበረው ዘዴ፣ በአዲስ አበባ ዕቃ ነው። መጀመሪያ የገባኝ ሦስቱ ለምን እንደተተረተሩ ነው። ቅጠሎቹ እኩል አይጠጡም። አንዱ ሲያብጥ ሌላው ገና ደረቅ ነው፤ መሀል ላይ የሚቀደደው ቀጭኑ ልብሱ ነው። ስለዚህ ደረቅ ሲጋር የሚፈልገው ትንሽ እርጥበት፣ ብዙ ጊዜ ነው። እኔ ብዙ እርጥበት በትንሽ ጊዜ ሰጥቼው ነበር።

ክዳኑ ግጥም የሚል የፕላስቲክ ምግብ መያዣ ገዛሁ። ሃይግሮሜትር የሚባል ትንሽ የእርጥበት መለኪያ አገኘሁ። መለኪያው ይዋሻል እንዳይሆን በጨው ፈተንኩት፤ የጠርሙስ ክዳን ላይ ጨው አድርጋችሁ ጥቂት ጠብታ ውሃ ጨምሩበት፣ ጨው ሳይሟሟ ሊጥ ይምሰል፣ ከመለኪያው ጋር በላስቲክ አሽጋችሁ አሳድሩት። 75 በመቶ ማንበብ አለበት። የእኔው 71 አለኝ፤ አራት እየጨመርኩ አነበብኩት። ውሃው ዲስትልድ ውሃ ነው፤ የቧንቧ ውሃ ማዕድኑ ስፖንጁን ይደፍነዋል፣ ሻጋታም ይጋብዛል።

የመጀመሪያውን ሁለት ሳምንት ስፖንጁን ጨምቄ ጨምቄ ነው ያስገባሁት፤ 60 በመቶ አካባቢ እንዲቆም። ሲጋሮቹን ውሃው አይነካቸውም። በየሦስት ቀኑ አገላብጣቸዋለሁ። ቀጥሎ ሁለት ሳምንት 65። ከዚያ ቀስ እያለ ወደ 70። ከዚያ በላይ አልሄድኩም፤ እርጥበቱ ሲበዛ ሻጋታ ይመጣል፣ ሙቀቱ ከ25 ዲግሪ ሲያልፍ ደግሞ የትምባሆ ጥንዚዛ እንቁላል ሊፈለፈል ይችላል። ደግነቱ የአዲስ አበባ ኅዳርና ታኅሣሥ ሙቀት አያስቸግርም። ድርቀቱ ነው የሚያስቸግረው።

የእንጨቱን ሳጥን ለብቻው አከምኩት። ይሄን ባላነብ ኖሮ እንደገና እበላሽ ነበር። ውስጡ ሴዳር የሚባል እንጨት ነው፤ እንጨቱም እንደ ሲጋሩ ደርቋል። ደረቅ ሳጥን ውስጥ የዳነ ሲጋር ብታስገባ ሳጥኑ ራሱ ውሃውን ይመጠዋል። አንድ ትንሽ ሳህን ውሃ ውስጡ አስቀምጬ፣ ዘግቼ፣ እንጨቱ እስኪጠግብ ከሳምንት በላይ ቆየሁ።

በስድስተኛው ሳምንት አንዱን አንስቼ ጆሮዬ ጋ አድርጌ በጣቶቼ አንከባለልኩት። ኮሽታ የለም። ጫን ሳደርገው ረገብ ብሎ ተመለሰ። ብቻዬን ክፍሌ ውስጥ ጨበጨብኩ ብላችሁ ታምኑኛላችሁ?

አንድ ነገር ግን አልተመለሰም። እንጀራ ሲደርቅ ድርቆሽ ይሆናል፤ ውሃ ሲያገኝ ፍርፍር እንጂ እንጀራ አይሆንም። ሲጋር ከድርቆሽ ይሻላል፤ ቅርጹና ልስላሴው ይመለሳል። ሽታውን የሚሰጠው ግን ቅጠሉ ውስጥ ያለው ዘይት ነው። ዘይቱ ከተነነ በውሃ አይተካም። ዓመት ከምናምን ቁም ሳጥን ላይ የተነነውን ዘይት እኔም፣ ዚኖ ዳቪዶፍም ብንሆን አንመልሰውም። እሱ ዕድሜውን የጨረሰው ለዚህ ነው መሰለኝ፤ ከደረቀ በኋላ የሚደረገው ነገር ሁሉ ግማሽ ነው።

አጎቴ የጥምቀት ሰሞን መጡ። ሳጥኑን ይዤ ሄድኩ፤ ሦስቱን የተተረተሩትን በወረቀት ጠቅልዬ ለብቻ ያዝኩ። ቡና ሳይፈላ ነገርኳቸው። ሁሉንም፤ መርሳቴን፣ ሻወር ቤቱን፣ ሦስቱን። ስለ ሌኒን ዕዳ ስነግራቸው ብቻ ሳቁ፤ ኩባ ሳሉ ስንት ዓመት ስለ ሌኒን ተምረው ይቺን የነገራቸው አስተማሪ አልነበረም።

ሳጥኑን ከፍተው አሸተቱ። ዓይናቸውን ጨፈን አደረጉ። ቆዩ። ከዚያ አለ፣ ግን ሩቅ ነው አሉኝ፤ በስልክ እንደሚሰማ ሰው ድምፅ። ወረቀቱን ተቀብለው አንዱን የተተረተረ ሲጋር በእጃቸው ፈረከሱትና ሆዱን አሸተቱ። ውስጡ የተጠቀለለው ከላይኛው ይልቅ ሽታውን ይዞ ቆይቷል። ባዶ የቡና ቆርቆሮ አስመጡ፣ ሦስቱንም ፈርክሰው ጨመሩበት፣ ከደኑት፣ አልጋቸው ራስጌ አስቀመጡት።

በሚያዝያ ተመልሰው ይሄዳሉ። ሳጥኑን እንደገና ለእኔ ነው የሚተዉት፤ ሌላ ሰው ይያዝልዎት ብዬ ነበር፣ አሁን እንዴት እንደሚደርቅ የምታውቀው አንተ ነህ ብለው እምቢ አሉ። ስልኬ ላይ በየሁለት ሳምንቱ እሑድ ጠዋት የሚጮህ አላርም ሞልቻለሁ። ስሙን ጄኔቫ ብዬዋለሁ።